ለምርጫ የወለድኩት ዘመድ

ሰው በአፉ ዘመድ ይወልዳል ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል። እኔ ወልጃለሁ። ያውም ሞጣ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ በድምፅ ማጉያ። ምጡ ምንም አላስቸገረኝም። ጉዱ የመጣው ከተወለደ በኋላ ነው። እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ጥብቅና ነበር። ቢቸና ላይ ጠበቃው ከተከራካሪው ሲበዛ ጊዜ ሞጣ ወረድኩና ከፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እዚያው ሸበትኩ። ሸበትኩ የምለው ለወጉ ነው፤ የሚሸብተው ፀጉር ቀድሞኝ ሄዷል። ክፉ ጠበቃ አልነበርኩም። ችግሬ ሥራዬን ቤት ይዤ መግባቴ ነው። ባለቤቴ «ወጡ አልጣፈጠህም አይደል?» ካለችኝ፣ ጥያቄው መሪ ጥያቄ ስለሆነ ተቃውሞ አለኝ እላታለሁ። እሷም ተቃውሞዬን ተቀብላ ወጡን ታነሳዋለች።

ከዚያ ፖለቲካ መጣ። ሰዎች ተሰብስበው አንተ አፍ አለህ፣ ለምን ለምክር ቤት አትወዳደርም አሉኝ። አፍ አለህ ሲባል እንደ ሙገሳ የሚቆጥር ሰው በአገሩ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደስ ብሎኝ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው ቅስቀሳ ሞጣ ላይ ነበር። ስለ መንገዱ ተናገርኩ፣ ስለ ውሃው ተናገርኩ፣ ስለ ወጣቱ ተናገርኩ። ጭብጨባም ነበር። በመሀል አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሱና፣ ጠበቃ መሆንህን እናውቃለን፣ ግን የቢቸና ሰው ነህ፣ ከሞጣ ጋር ምን ያገናኝሃል ብለው ጠየቁኝ። ሰዉም ልክ ነው ልክ ነው ማለት ጀመረ። እዚህ ቤት ተከራይቻለሁ ማለት መልስ አይሆን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜውን በውርስና በድንበር ክርክር የጨረሰ ጠበቃ፣ የሌላውን ሰው አያት ከገዛ አያቱ በላይ ያውቃል። ዓይኔን ብወረውር ጋሽ ሙላት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙላት ወፍጮ ቤት አላቸው። ሞጣ ላይ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ማለት የራሱ ሬዲዮ ጣቢያ ያለው ሰው ማለት ነው፤ እህል ይዞ የሄደ ሁሉ ዱቄቱንም ወሬውንም ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። እኚህ ሰው በአንድ የድንበር ክርክር ምስክር ሆነው ቀርበው ሲመሰክሩ፣ አያታቸው እንግዳ እንደሚባሉ ሰምቼ ነበር። አፌ ከኔ ቀደመ።

«ምን ያገናኝሃል ላላችሁኝ፣ ጋሽ ሙላት እዚሁ አሉ፣ ይጠየቁ» አልኩ። «የሳቸው አያት እንግዳና የኔ ቅድመ አያት የአንድ አባት ልጆች ናቸው።»

ጋሽ ሙላት ተነስተው ደግሞ ይሄ ማነው እስኪሉ ጠበቅኩ። ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሰዉን እየገፉ መጡና አንገቴን አቅፈው ጉንጬን በግራም በቀኝም ሳሙኝ፤ እንባቸውንም ጠረጉ። የዚያን ቀን ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። አስቡት፣ ዋሽታችሁ ውሸታችሁ መጥቶ ሲስማችሁ።

ተመረጥኩ። የተመረጠ ሰው የሚያገኘውን ጥቅም ብትጠይቁኝ፣ ቀልዱ ያስቃል። ዱሮ በምናገረው ቀልድ የምስቀው ብቻዬን ነበር። ከተመረጥኩ ወዲህ ገና አፌን ስከፍት ይስቃሉ። አንዴ የሐዘን መግለጫ ሳነብ ሁሉ ሳቁብኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ታዲያ ዘመዴን ጋሽ ሙላትን በየስብሰባው አነሳቸዋለሁ፤ እሳቸውም በየወፍጮው ያነሱኛል። ነገሩ ከመደጋገሙ የተነሳ እኔ ራሴ አምኜው አረፍኩት።

ማመኔን ያወቅኩት እህቴ ስትደውልልኝ ነው። እታለም እላታለሁ፣ ታላቄ ናት፣ ቢቸና ነው የምትኖረው። ልጇ ይበልጣል ሞጣ ላይ ነርስ ነው። አንዲት እናኑ የምትባል አስተማሪ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች፤ ሽማግሌ ይላክ ተብሏል። አባትየው ግን አስቸጋሪ ሰው ናቸው፣ ከዚህ በፊት ለሌላ ልጅ የመጡ ሽማግሌዎችን ውሃ ሳያቀምሱ ነው የመለሷቸው አለችኝ። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል፣ ይህ ነገር ካልሆነ አገሩን ጥሎ ይሄዳል፣ አንተ በሞጣ የታወቅክ ሰው ነህና ሽማግሌዎቹን አንተ ምራቸው አለች። አባትየው ማን ይባላሉ አልኳት። ሙላት፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው አለችኝ።

ከት ብዬ ሳቅኩ። «እታለም፣ ሐሳብሽን ጣይው። ጋሽ ሙላትማ ዘመዴ ናቸው፤ አይከለክሉኝም።»

«ያንተ ዘመድ ሆኖ የኔ ዘመድ የማይሆነው እንዴት ያለው ነው?» ብላ ስትጀምር ኔትወርክ ተቋረጠ። ስንት ነገር የሚቋረጥ አለ፤ ያቺ ጥያቄ ብቻ ባትቋረጥ ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራላችሁም።

በቀጠሮው ቀን፣ ሽማግሌ ልወስድ ቢቸና ሄጄ ነበርና፣ ከዚያ ሚኒባስ ተከራይተን ተነሳን። አብረውኝ ያሉት የቤተሰባችን የነፍስ አባት መሪጌታ ናቸው። መሪጌታ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ቀልድ ስትነግራቸው እንኳን መጀመሪያ ከየት እንደሰማኸው ነው የሚጠይቁህ። ሞጣ ስንደርስ ደግሞ ሐጂ ሰይድ ይቀላቀሉናል፤ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የጥብቅና ዘመን ወዳጄ፤ የሞጣ ሰው ሐጂ ያሉበትን ሽምግልና ዝቅ አድርጎ አያይም።

መንገድ ላይ መሪጌታን ላበረታታ ብዬ፣ አይስጉ፣ ሰውየው እኮ ዘመዴ ነው አልኳቸው። በማን በኩል አሉኝ። ኧረ ቅርብ ነው፣ የኔ ቅድመ አያትና የሳቸው አያት ወንድማማቾች ናቸው አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ከደብረ ወርቅ ጀምሮ እስከ ሞጣ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ጣቶቻቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ ሾፌሩን ዘፈኑን እንዲቀንስ ነገርኩት።

ይበልጣልን ከጋሽ ሙላት ቤት በላይ ያለ ሻይ ቤት አስቀመጥነው። ፊቱ ነጥቷል። አጎቴ፣ አደራህን፣ ሌላ ነገር ሳታመጣ በደንቡ ብቻ ለምንልኝ አለኝ። ተቀየምኩት። እኔ መቼ ነው ሌላ ነገር የማመጣው?

ቤቱ ጎረቤት ሞልቶበታል። ግድግዳው ላይ የምርጫ ፎቶዬ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። ቅዱሱ ዘንዶውን ይወጋል፣ እኔ ከጎኑ እስቃለሁ፤ ለማያውቅ ሰው የዘንዶው ወገን እመስላለሁ። ተቀመጡ ተባልን። በደንቡ መሠረት የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም አልን። ተው ተቀመጡ፣ ኧረ አይሆንም፣ ተባባልን። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ልጅዎን ለልጃችን፣ ልጃችንን ለልጅዎ ብለን ደጅ ልንጠና መጥተናል ብዬ ጀመርኩ። ስለ ይበልጣል ጠባይ ተናገርኩ፣ ስለ ቤተሰባችን ተናገርኩ፣ ሳላውቀው ስለ መንገዱና ስለ ውሃውም ተናግሬ ኖሯል፤ ሐጂ ሰይድ በክርናቸው ሲጎስሙኝ አቆምኩ።

ጋሽ ሙላት አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውሃ አቅርሯል።

«ከናንተ የተሻለ ቤት ከየት አገኛለሁ» አሉ። «ልጁም ጨዋ ነው፤ አጣርቻለሁ። ግን እንዴት አድርጌ? እህትን ለወንድም ልስጥ?»

እኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። እውነቴን ነው። ዘወር ብዬ መሪጌታን አየኋቸው። መሪጌታ እጃቸውን አነሱ። በአንዱ እጅ አራት ጣት፣ በሌላው አምስት ጣት።

«መንገዱን ሙሉ ስቆጥር ነው የመጣሁ» አሉ። «ልጅቱ ከጋራው አባት አራተኛ ቤት ናት። ልጁ አምስተኛ ቤት ነው። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። አንተ ዘመዴ ነው ስትለኝ ዝም ያልኩ፣ ከአባትየው አፍ ሳልሰማ አልናገርም ብዬ ነው።»

ክው አልኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ድምፅ ለማግኘት ያዛመድኳቸው ሁለት ሰዎች አሁን ሊጋቡ መጥተው፣ በመሀላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ልጅ ለቅሶ ተሰማ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ይበልጣል ነው።

ጠበቃ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግኩ። በምርጫ ቅስቀሳ ላይ የተነገረ ነገር እንደ ማስረጃ አይያዝም አልኩ። ጎረቤቱ አጉረመረመ። አንዱማ ታዲያ ስለ መንገዱ ያልከውም እንደዚያው ነው ወይ አለኝ። እሱን ነጥብ ቶሎ ተውኩት። እንግዲያው ፖለቲከኛ ልሁን ብዬ፣ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እናቋቁም አልኩ። ሙሽሮቹ ኮሚቴው ሪፖርት እስኪያቀርብ የልጅ ልጅ ያያሉ አሉ ሐጂ ሰይድ፣ የገዛ ወገኔ። እርስዎ እንኳን አንድ ነገር ይበሉ እንጂ ብላቸው፣ ይህን በእናንተ ሥርዓት ጨርሱት፣ እኔን ለዱዓው ጥሩኝ አሉና እጃቸውን ከኋላቸው አጣመሩ።

ቆሜ ነው ይሄ ሁሉ። ሽማግሌ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም የሚለውን ደንብ ያወጣው ሰው ወፍራም ሽማግሌ አይቶ አያውቅም።

አሁን እዩልኝ። እውነቱን ብናገር፣ በአደባባይ ዋሽቶ ድምፅ የሰበሰበ ሰው መሆኔ ነው፤ ወሬው ነገ ከዱቄቱ ጋር በየቤቱ ይገባል። በዚያ ላይ ጋሽ ሙላት በኔ ዘመድነት ሲኮሩ ነው የከረሙት፣ ጎረቤታቸው ፊት ላዋርዳቸው ነው። ውሸቴን ይዤ ብቆይ ደግሞ፣ ልጆቹ በሌለ ዝምድና ሊለያዩ ነው። አንዱን መርጬ ሳልጨርስ ጋሽ ሙላት ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ዘመዴ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ጋሽ ሙላት፣ ጉዳዩን ላብራራ፣ በወቅቱ የነበረው ሁኔታ...»

«አዎ ወይም አይደለሁም በል። ማብራሪያ አልጠየቅኩህም።»

እግዜር ያሳያችሁ። ይቺን ጥያቄ እኮ አውቃታለሁ። በድንበሩ ክርክር እሳቸውን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጠጥኩባት ናት፤ ቃል በቃል። ያን ጊዜ እሳቸው ላብ በላብ ሆነው ነበር። ላብ ተራ ይጠብቃል ለካ።

መጋረጃው ተገለጠና እናኑ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የአስተማሪ ነው፣ ተማሪ እንደምታስነሳ ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ድምፁን አግኝተዋል። እኔ እሱን ላግኘው።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «አይደለሁም» አልኩ። «ዘመድዎ አይደለሁም። ያኔ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አጥቼ ነው። አያትዎን ያወቅኳቸው ከፍርድ ቤት ነው።»

ጋሽ ሙላት ረጅም ትንፋሽ አወጡና የተሸከመውን ኩንታል እንዳወረደ ሰው ትከሻቸውን አሳረፉ።

«እፎይ» አሉ። «እኔማ ያኔውኑ አውቄያለሁ። አያቴ እንግዳ ወንድምም እህትም የላቸውም። ለእናት ለአባታቸው አንድ ናቸው።»

ሁለተኛ ክው አልኩ። ታዲያ ለምን አቀፉኝ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ድምፄ የኔ አይመስልም።

«አንተ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዘመዴ ብለህ እጅህን ስትዘረጋ እኔ አላውቅህም ልበል? ዘመዱን የካደ እባላለሁ እኮ። ደግሞ መንግሥት ቤት ሰው አለው ከተባልኩ ወዲህ ወፍጮዬ ጋ ሰልፍ ነው። ተወው ብዬ ያዝኩት። አሁን ግን የልጄ ነገር መጣ። ያሰርከው አንተ ነህ፤ እስክትፈታው ነው ቆሜ የጠበቅኩህ።»

እንባቸውስ? አልጠየቅኩም። እኔ አፍ አለኝ እላለሁ እንጂ ፖለቲከኛውስ እሳቸው ነበሩ።

አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል መሪጌታ ክንዴን ያዙኝ። የሐሰቱ ፈርሷል፣ እውነተኛው ይቆጠር አሉ። ያለ ቆጠራ አላጋባም አሉ። በይበልጣል አባት በኩል ሰዎቹ ከአማኑኤል ከተማ ናቸው፤ ምንም አልተገኘም። በአባቴ በኩልም የለም። ከዚያ ጋሽ ሙላት ዝግ ብለው፣ የኔ እናት እንኳ የቢቸና ሰው ናቸው አሉ።

የቀረው ላቤ በሙሉ መጣ። መሪጌታ የእናቴን ወገን እየጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጋሽ ሙላት የእናታቸውን ወገን እየጠሩ ይወጣሉ። የእናቴን ሰዎች ስም እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት። የሰው አያት ስሸመድድ የኖርኩ ሰውዬ፣ የራሴን ዘር ሞጣ ቆሜ እማራለሁ። ወጡ፣ ወጡና ሁለቱም እኩል «እንኮየ» አሉ። አንዲት ሴት። እንደገና ጠየቁ፤ ከማን የተወለደች፣ የት የኖረች። አንዷ እንኮየ ናት።

እናኑ ግድግዳውን ተደገፈች። ስልኬ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ወደ ታች የሚቆጥረው ገለልተኛ ሰው ይሁን ተባለና ሐጂ ሰይድ ተመረጡ። ሐጂ ጨርቅ እንደሚለኩ ሰው ቀስ ብለው ጣታቸውን አንድ አንድ እያሉ ዘረጉ። አምስት። ስድስት። ሰባት ላይ ቆም አሉ። ምነው ቆሙ? ስንት ዳኛ ፍርድ ሲያነብ መነጽሩን ሲጠርግ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ልቤ ቆሞ አያውቅም።

«ስምንት» አሉ። «በሁለቱም በኩል ስምንት ነው።»

የእናኑ እናት እልልታውን ለቀቁት። መሪጌታ ከሰባት አልፏል፣ ይፈቀዳል አሉ። ጋሽ ሙላት ሰጥቻለሁ አሉ። ሐጂ ዱዓቸውን፣ መሪጌታ ምርቃታቸውን አደረሱ። እኔም እንደ ሰው ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ጮኸ። ዳቦው መጣ፣ ጠላው መጣ። ገና አንድ ጉርሻ ስጎርስ፣ ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነገሩን በሐሳባቸው ሲያመላልሱት ቆይተው ኖሯል።

«ስምንት ቤት እኮ ዘመድ ነው» አሉ። «ለጋብቻ ራቀ እንጂ ለለቅሶ ቅርብ ነው። እና ይሄ ሰውዬ አሁን እዚህ ሁላችን ፊት ቆሞ ዘመዱን ካደ ማለት አይደለም?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ ጉርሻዬን ዋጥኩና፣ እማማ፣ እንዲያውም ያኔ በቅስቀሳው ዘመድ ነኝ ያልኩት እውነት ነበር ማለት ነው እኮ አልኳቸው።

«ያኔማ አታውቅም፤ ውሸትህን ነው» አሉኝ። «ዛሬ ነው የካድከው።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። መሪጌታን አየኋቸው፤ መሪጌታም ነቀነቁ። ስዋሽ እውነት ተናግሬያለሁ፣ እውነቱን ስናገር ደግሞ ዘመድ ክጃለሁ፤ በሁለቱም ጥፋተኛ ነኝ። በጥብቅና ዘመኔ ይሄን የመሰለ ፍርድ ደርሶብኝ አያውቅም። ይግባኝ የሚባልበትም ቦታ የለውም።

ጋሽ ሙላት እስከ በር ሸኙኝ። ለሚቀጥለው ምርጫ እንዳላስብ ነገሩኝ፤ ወፍጮ ቤት ሰው ሲጠይቃቸው ምን እንደሚሉ አስበውበታል።

«የካደኝ ዘመዴ ነው እላለሁ። ሰው ያዝንልኛል።»

«ለኔስ?»

«ላንተማ እግዜር ያውቃል» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉና ገቡ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እልልታው ሻይ ቤት ድረስ ተሰምቶ ኖሯል፣ ይበልጣል አቧራውን እያስነሳ ቁልቁል ሲሮጥ መጣ። ሊያቅፈኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። በብብቴ ሥር ሾልኮ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሰላም እንኳን አላለኝም። ይሄ እንግዲህ ማንም ሳይቆጥርልኝ፣ ያለ ምንም ጥርጥር፣ የገዛ ሥጋዬ ነው።